ስምንት በር ያላት ቃል

ቻይና ውስጥ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው እንበል። መምህርቷ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈችና «ወደ ቻይንኛ መልሱ» አለች። ዓረፍተ ነገሯ አምስት ቃል ብቻ ናት፤ በአማርኛ «ከዝኔ ነገ ይመጣል» እንደ ማለት ነው። የሚያስቸግር ሰዋስው የለባትም። «ነገ»ን ሁሉም ያውቁታል፤ «መምጣት»ንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ቻይና እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ከወሰነች ወዲህ፣ ልጆቹ እንዲህ ያሉትን ቃላት የሚለምዱት ጥርሳቸውን ቀይረው ሳይጨርሱ ነው።

ግን ማንም አልጻፈም። አንዱ እጁን አወጣና «መምህር፣ ወንድ ነው ሴት?» አለ። ከጎኑ የተቀመጠችው ቀጠለች፤ «በአባት ወገን ነው በእናት?» ከኋላ ወንበር ሌላ ድምፅ መጣ፤ «ከእኔ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

መምህርቷ የምትመልሰው የላትም። ዓረፍተ ነገሯ ከሦስቱ አንዱንም አልተናገረችም።

ይህ የስንፍና ጥያቄ አይደለም። እንግሊዝኛ የአጎትንም የአክስትንም ልጅ፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ታላቁንም ታናሹንም «ከዝን» ብሎ በአንድ ስም ይጠቀልላል። የቻይንኛ ተናጋሪ ግን እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልስ ትክክለኛውን ቃል ሊያወጣ አይችልም። ከእንግሊዝኛ ወደ ቻይንኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት «ከዝን» የሚለው ላይ ሲደርስ ትርጉሞቹን ይደረድርና ምርጫውን ለአንባቢው ይተዋል። አንዲት ቃል፣ ስምንት በር።

ቃሏ ለቻይናዊ ተማሪ የምትከብደው ብዙ ስለምትናገር ሳይሆን ጥቂት ስለምትናገር ነው። ባዕድ ቋንቋ መማር ብዙ ጊዜ አዲስ ነገር መናገርን መልመድ ይመስለናል፤ ከዚያ እኩል የሚያስቸግረው ግን ለመናገር የለመዱትን መተው ነው።

ስምንቱ በሮች

በሮቹን አንድ በአንድ እንክፈታቸው። የአባትህ ወንድም ልጅ ከሆነ «ታንግ» ነው። የሚበልጥህ ወንድ ታንግገ፣ የሚያንስህ ወንድ ታንግዲ፣ የምትበልጥህ ሴት ታንግጂዬ፣ የምታንስህ ሴት ታንግሜይ ይባላሉ። የአባትህ እኅት ልጅ፣ የእናትህ ወንድም ልጅ ወይም የእናትህ እኅት ልጅ ከሆነ ደግሞ «ብያው» ነው። እዚያም አራት ስሞች አሉ፤ ብያውገ፣ ብያውዲ፣ ብያውጂዬ፣ ብያውሜይ። ብያው የሆነው ዘመድ በአባት እኅት፣ በእናት ወንድም ወይስ በእናት እኅት በኩል እንደሆነ ለይቶ መናገር የሚፈልግም ተጨማሪ ቃል አለው።

ከላይ ያለው ትውልድም እንዲሁ የተለየ ነው። የአባት ታላቅ ወንድም ቦቦ፣ የአባት ታናሽ ወንድም ሹሹ፣ የእናት ወንድም ጂዮጂዮ ነው። እንግሊዝኛ ሦስቱንም «አንክል» ብሎ ያልፋቸዋል፤ በዚያ ላይ የአክስትን ባል ይጨምርበታል።

የእኛ አማርኛ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ለዚህ ዘመድ አንድ ወጥ ስም የለንም፤ «የአጎቴ ልጅ»፣ «የአክስቴ ልጅ» ብለን በዝምድናው መንገድ እንጠራዋለን። አጎት ግን የአባት ወንድምም የእናት ወንድምም ስለሆነ፣ ወገኑ ካልተጠየቀ አይታወቅም። ትግርኛ በዚህ ረገድ ለቻይንኛ ይቀርባል። የአባት ወንድም ሓወቦ፣ የእናት ወንድም ኣኮ፣ የአባት እኅት ኣሞ፣ የእናት እኅት ሓትኖ ናቸው። ዐረብኛም የአባትን ወንድም ዐም፣ የእናትን ወንድም ኻል ብሎ ይለያል። ስለዚህ ከመቀሌ ወይም ከካርቱም የመጣ ተማሪ የቻይናዊውን ተማሪ ጭንቀት ከለንደኑ ልጅ ይልቅ በቶሎ ይረዳዋል።

ከአዳራሹ ውስጥ፣ ከአዳራሹ ውጭ

ቻይንኛ ይህን ያህል የሚጠነቀቅበት ምክንያት ከቃላቱ ውስጥ ይነበባል። «ታንግ» አዳራሽ ማለት ነው። በአንድ የአያት ቅድመ አያት አዳራሽ ሥር የሚሰበሰቡ፣ አንድ የቤተሰብ ስም የሚጠሩ፣ ለአንድ ዘር ግንድ የሚሰግዱ ማለት ነው። «ብያው» ደግሞ ውጫዊ ገጽ፣ ከላይ የሚታይ ማለት ነው። የእናትህና የአክስትህ ወገን ይወዱሃል፣ በበዓል ይመጣሉ፣ በችግርህ ይደርሱልሃል፤ ግን ከአዳራሹ ውጭ ናቸው።

ይህ ሕግም ነበረው። በጥንቱ የቻይና ሥርዓት ሐዘን አምስት ደረጃ ነበረው፤ «ዉፉ» ይባላል፤ አምስቱ የሐዘን ልብሶች ማለት ነው። ልብሱ ከሸካራ የቃጫ ጨርቅ ይሰፋል፤ ዝምድናው ሲርቅ ጨርቁ እየለሰለሰ፣ ጊዜውም እያጠረ ይሄዳል። ለታንግ ወንድም ዘጠኝ ወር ይታዘናል፤ ለብያው ወንድም ሦስት ወር። በሁለቱ ቃላት መካከል የስድስት ወር የሐዘን ልብስ አለ ማለት ነው። ዳኞችም ይህን ደረጃ ይቆጥሩ ነበር፤ ዘመዱን የመታ ሰው ቅጣቱ የሚከብደውና የሚቀልለው ለተመታው ሰው ስንት ወር የማዘን ግዴታ እንዳለበት ታይቶ ነበር። እንዲህ ባለ አገር የዘመድን ስም መሳት የሰዋስው ስሕተት ብቻ ሊሆን አይችልም። ከቻይና እጅግ ጥንታዊ መዝገበ ቃላት አንዱ የሆነውና ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጠናቀረው «አርያ» ለዝምድና ስሞች ብቻ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሰጠውም ለዚህ ነው።

ጋብቻም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የታንግ ልጆች አንድ የቤተሰብ ስም ስላላቸው መጋባታቸው ነውር ነበር። የብያው ልጆች ሲጋቡ ግን ብዙ ቦታ «በዝምድና ላይ ዝምድና ተጨመረ» ተብሎ ይወደድ ነበር። ሁለቱንም የከለከለው የ1980ው (እ.ኤ.አ.) የቻይና የጋብቻ ሕግ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ያገራችን ሰው ይህ የሚገርም ላይሆን ይችላል። የሚገርመው እንግሊዝኛው ነው፤ የምታገባትንም የማታገባትንም በአንድ ቃል ይጠራል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ልብ ሊሰብር እንደሚችል ማየት የፈለገ የጻው ሹዌቺንን «የቀዩ እልፍኝ ሕልም» ይክፈት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1791 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ይህ ልብ ወለድ፣ ቻይናውያን ከሁሉ አብልጠው ከሚወዷቸው መጻሕፍት አንዱ ነው። ወጣቱ ባውዩ በሁለት ልጃገረዶች መካከል ያድጋል። ዳይዩ የአባቱ እኅት ልጅ ናት፤ ባውቻይ የእናቱ እኅት ልጅ። በ20ኛው ምዕራፍ ዳይዩ ትቀናለች። ባውዩ ከባውቻይ ዘንድ መምጣቱን ሰምታ ታለቅሳለች። እሱም ሊያባብላት ቀርቦ የሚያቀርበው ማስረጃ የፍቅር ቃል አይደለም፤ የዘመድ ቆጠራ ነው። አንቺ በአባቴ እኅት በኩል ነሽ፣ እሷ ግን በእናቴ እኅት በኩል ናት፤ በዝምድና ከአንቺ ትርቃለች፤ ቀድመሽ የመጣሽውም አንቺ ነሽ፤ እንዴት እሷን አስበልጣለሁ ይላታል።

ለቻይናዊ አንባቢ ይህ ንግግር ወዲያው ይገባዋል፤ ልብም ይነካዋል። በእንግሊዝኛ ግን ዳይዩም ባውቻይም «ከዝን» ናቸው። ዴቪድ ሆክስ የትርጉሙን የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያወጣ ይህን ገደል መሻገር ነበረበት። ስሙ አንድ በመሆኑ ልዩነቱን የሚሸከሙት በዙሪያው ያሉ ቃላት ብቻ ናቸው። ባውዩ በአንድ ቃል የሚለውን እንግሊዝኛው በዓረፍተ ነገር ማስረዳት ግድ ይሆንበታል።

የውስጥና የውጭ ነገር ዛሬም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በሻንጋይ የሁለተኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የእናትን እናት የሚጠራው «ዋይፖ» የሚለው ቃል ወጥቶ በሰሜኑ አነጋገር «ላውላው» መተካቱ ታወቀ። «ዋይ» ውጭ ማለት ነው። ሆኖም የደቡቡ ሰው አያቱን የሚጠራው በዚህ ቃል ነበርና ቁጣው አገር አዳረሰ። በመጨረሻ ባለሥልጣናቱ ቃሉ ወደ ቦታው እንዲመለስ አዘዙ። ሰው አያቱን የሚጠራበትን ቃል ሲነኩበት አያቱን የነኩበት ያህል ነው የሚሰማው።

እንግሊዝኛም ያውቅ ነበር

ቻይናዊው ተማሪ እንግሊዝኛን በዝምድና ግድ የለሽ አድርጎ ቢያይ አይፈረድበትም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ የአባትን ወንድም «ፈደራ»፣ የእናትን ወንድም «ኤያም» ብሎ ይለይ ነበር። የአባት እኅት «ፋዱ»፣ የእናት እኅት «ሞድሪዬ» ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት ቃላቱ እስከ ማዕድ ቤት ዘለቁ። «አንክል»፣ «አንት»፣ «ከዝን»፣ «ኔፊው»፣ «ኒስ» የሚሉት ሁሉ በዚያ መንገድ የገቡ ናቸው። እናት፣ አባት፣ ወንድምና እኅት የሚሉት ስሞች እንግሊዝኛ ሆነው ቀሩ፤ ከእነሱ አንድ እርምጃ የራቀው ዘመድ ሁሉ የፈረንሳይኛ ስም ለበሰ።

እነዚህ ቃላት ራሳቸው በልጅነታቸው ጠባብ ነበሩ። «አንክል» የመጣው የእናትን ወንድም ብቻ ከሚጠራ የላቲን ቃል ነው፤ የአባት ወንድም በላቲን «ፓትሩስ» የሚባል ሌላ ስም ነበረው። «ከዝን»ም ሥሩ «ኮንሶብሪኑስ» የሚለው ላቲን ነው፤ መነሻው የእናት እኅት ልጅ ማለት ነበር፤ በውስጡም «እኅት» የሚለው ቃል ተቀብሯል። ስለዚህ ይህች አሁን ሁሉን የምታቅፍ ቃል በመጀመሪያ ከስምንቱ የቻይንኛ በሮች የብያው ወገን ብቻ ዘመድ ነበረች። ኋላ ላይ ሰፋች፤ እንዲያውም ከዛሬው ይልቅ ሰፍታ ነበር። በሼክስፒር «ሐምሌት» ንጉሥ ክላውዲየስ የወንድሙን ልጅ ሐምሌትን «ከዝን» ብሎ ይጠራዋል፤ ነገሥታትም መኳንንቶቻቸውን በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።

የዓለምን ሕዝቦች የዝምድና አጠራር ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማጥናት ከተነሡት የመጀመሪያው ታላቅ ሰው አሜሪካዊው ጠበቃ ሊዊስ ሄንሪ ሞርጋን ነው። መጠይቅ አዘጋጅቶ በቆንስላዎችና በሚስዮናውያን እጅ ወደ ብዙ አገሮች ላከ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1871 በትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ከእሱ በኋላ የመጡ ምሁራን እያንዳንዱን ዘመድ በየራሱ ስም የሚለየውን አጠራር «ሱዳናዊ» ብለው ሰየሙት፤ በሱዳን ምድር ሕዝቦች ዘንድ ስለተለመደ ነው። ቻይንኛ፣ ዐረብኛ፣ ጥንታዊው ላቲንና ጥንታዊው እንግሊዝኛ በዚህ ምድብ ይነሣሉ። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ከሌላ ምድብ ነው። ቤት ውስጥ ያሉትን ለይቶ ይጠራል፤ ከቤት ውጭ ያሉትን ይጠቀልላል።

የአንድ ንጉሥ ሦስት ከዝኖች

አንድ ቤተሰብ በቻይንኛ ዓይን እንይ። የታላቋ ብሪታንያ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ እ.ኤ.አ. በ1865 ተወለደ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ሁለተኛ፣ የሩሲያው ኒኮላስ ሁለተኛና የኮናውቱ ልዑል አርተር ሦስቱም በእንግሊዝኛ የጆርጅ «ከዝን» ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሦስት ዘውድ የጫኑ ዘመዳሞች እንደተሰለፉ የሚተርኩ መጻሕፍትም ነገሥታቱን ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ይጠሯቸዋል።

ቻይንኛ ግን ይለያቸዋል። የቪልሄልም እናት የጆርጅ አባት እኅት ናት፤ እሱም በ1859 ስለተወለደ ታላቅ ነው። ስለዚህ ብያውገ ነው። የኒኮላስ እናትና የጆርጅ እናት የዴንማርክ ልዕልቶች፣ እኅትማማቾች ናቸው፤ ኒኮላስ በ1868 ተወልዷልና ታናሽ ነው። እሱ ብያውዲ ነው። አርተር ደግሞ የጆርጅ አባት ወንድም ልጅ ነው፤ የተወለደውም በ1883 ነው። እሱ ብቻ ታንግዲ ነው። በመልክ እስኪምታቱ የሚመሳሰሉት ጆርጅና ኒኮላስ በቻይንኛ ከአዳራሹ ውጭ የተገናኙ ናቸው፤ ከአዳራሹ ውስጥ ያለው ታሪክ ብዙ የማያነሣው አርተር ነው።

እንግሊዝኛ ራሱ መቁጠር ሲፈልግ ሌላ ዘዴ አለው። አያት የሚጋሩት አንደኛ ከዝን፣ ቅድመ አያት የሚጋሩት ሁለተኛ ከዝን፣ ከዚያ በላይ የሚገናኙት ሦስተኛ እያለ ይሄዳል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛና ባለቤታቸው ልዑል ፊሊፕ በንግሥት ቪክቶሪያ በኩል ሦስተኛ ከዝኖች ነበሩ። ትውልዱ እኩል ካልሆነ ደግሞ ስንት ትውልድ እንደሚበላለጥ ይጨመርበታል፤ የአባትህ ከዝን ለአንተ «አንድ ትውልድ የተነሣ» ከዝን ነው።

ቻይናዊውን ተማሪ ግራ የሚያጋባው ይህ የመጨረሻው ነው። በእሱ ቋንቋ የአባት ብያው ወንድም አጎት ነው፤ እንደ አጎት ይከበራል፣ በአጎት ስም ይጠራል። ሽማግሌውንና ልጁን በአንድ የዝምድና ስም መጥራት በቻይንኛ የማይታሰብ ነው። ቻይንኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየትኛው ትውልድ ነህ?» ብሎ ነው። እንግሊዝኛ የሚቆጥረው ርቀትን ነው፤ ቻይንኛ ማዕረግን ይቆጥራል።

ፆታ የት ይቀመጣል?

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። መጀመሪያ ላይ የመምህርቷን ዓረፍተ ነገር «ከዝኔ ነገ ይመጣል» ብዬ ተርጉሜላችሁ ነበር። እንግሊዝኛው ግን ወንድ ነው አላለም። አማርኛ ግሱን ሳልወስን አላሳልፍ ስላለኝ «ይመጣል» አልኩ፤ «ትመጣለች» ብልም እኩል ልክ፣ እኩልም ስሕተት ነበር። ያ ተማሪ የተያዘበት ወጥመድ እኔንም ይዞኛል።

ሦስቱ ቋንቋዎች ፆታን በሦስት የተለያየ ቦታ ያስቀምጡታል። ቻይንኛ ስሙ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ብያውገ ካልክ ወንድ ነው፣ ብያውጂዬ ካልክ ሴት ናት። ተውላጠ ስሙ ግን ዝም ይላል፤ በንግግር «እሱ»ም «እሷ»ም «ታ» ናቸው። በጽሑፍ ለሴት የተለየ ምልክት የተለመደው እንኳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ገጣሚውና የቋንቋ ሊቁ ሊዩ ባንኖንግ ካስፋፉት በኋላ ነው። እንግሊዝኛ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ከዝን» የሚለው ስም ዝም ይላል፤ ፆታውን የሚናገረው ተውላጠ ስሙ ነው። አማርኛ ደግሞ «የአጎቴ ልጅ» የሚለውን ዝም ያሰኝና ግሱን ያናግራል፤ መጣ፣ መጣች።

የቻይናዊው ተማሪ እውነተኛ ችግር የሚታየው እዚህ ነው። እንግሊዝኛ ሲናገር «እሱ»ንና «እሷ»ን ማቀላቀል የቻይናውያን ተማሪዎች የታወቀ ስሕተት ነው፤ አፍ ላይ አንድ ስለሆኑ ምላሱ ይምታታል። ስለ እናቱ ሲያወራ ቢሳሳት ጉዳት የለውም፤ እናት ሴት እንደሆነች ሁሉ ያውቃል። ስለ ከዝኑ ሲያወራ ቢሳሳት ግን አድማጩ የሚይዘው ነገር የለም። ስሙ አይነግረው፣ ተውላጠ ስሙ ያሳስተው። አንድ ሰው ይሁን ሁለት ሰዎች ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ይህችን ስም የሚያስተምር ሰው ትርጉሟን ብቻ ሰጥቶ መሄድ የለበትም። ስሟን ከተውላጠ ስሟ ጋር አስሮ ያስለምድ፤ ቻይንኛ ስሙ ላይ የሚጭነውን ሸክም እንግሊዝኛ ወደ ተውላጠ ስሙ አዙሮታልና።

«ወንድም የለኝም ብለህ አልነበር?»

ሌላው ትዕይንት ከክፍል ውጭ ነው። ውጭ አገር የሚማር ቻይናዊ ወጣት ለክፍል ጓደኞቹ «ለእናቴና ለአባቴ አንድ ነኝ» ይላል። በሳምንቱ «እኅቴ አገባች» ብሎ ፎቶ ያሳያል። ጓደኞቹ ይተያያሉ። አልዋሸም። ብያውጂዬ ወይም ታንግጂዬ የሚለውን ሲያሳጥረው የሚቀረው «ጂዬ» ነው፤ ታላቅ እኅት። ቤት ውስጥ የሚጠራትም እንዲሁ ነው። ወንድምና እኅት በሌለበት ቤት ያደገ ልጅ የአጎቱን ልጅ እኅቴ ቢል ልቡ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። አብሮ ያደገ የአክስት ልጅ በአማርኛ ወንድሜ ነው፤ «የአክስቴ ልጅ» ማለት እንዲያውም ማራቅ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ የሚከብደው ቅጽ ሲሞላ ነው። ቪዛ ጠያቂው ወንድሜ ብሎ የጻፈው ሰው በሰነድ የሌላ እናትና አባት ልጅ ሆኖ ሲገኝ፣ ቅንነቱ እንደ ማታለል ይቆጠርበታል። ቻይናዊም ኢትዮጵያዊም እንግሊዝኛ ቅጽ ፊት ሲቀመጥ ልቡን ትቶ ሰነዱን መከተል ግድ ይለዋል፤ እዚያ ላይ «ከዝን» ማለት አለበት።

አጠራርም አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዛሬ የአጎቱን ልጅ ፊት ለፊት «ከዝን» ብሎ አይጠራውም፤ በስሙ ነው የሚጠራው። ቻይናዊ ግን ታላቁን በስሙ መጥራት ይከብደዋል፤ ብያውገ፣ ታንግጂዬ ይላል። ታላቁ ግን ታናሹን በስሙ ቢጠራ ችግር የለውም። «ወንድም ጋሼ»፣ «እታበባ» እያለ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ስለዚህ ተማሪው ሁለት ነገር ለይቶ ይያዝ፤ «ከዝን» ስለ ሰው ለማውራት እንጂ ሰውን ለመጥራት አትሆንም። «ከዝን ወንድም»፣ «ከዝን እኅት» እያሉ ማያያዝም በሕንድ እንግሊዝኛ የተለመደ ቢሆንም በእንግሊዝና በአሜሪካ ጆሮ ይጎረብጣል። ፆታውን መግለጽ የፈለገ በቀጣዩ ዓረፍተ ነገር «እሱ» ወይም «እሷ» ይበል፤ ያ ይበቃል።

ባዶ የቀሩ ስሞች

ቻይና በ1979 እና በ1980 (እ.ኤ.አ.) አንድ ቤተሰብ አንድ ልጅ ብቻ እንዲወልድ የሚያዘውን ፖሊሲ ጀመረች። ገጠሩና አናሳ ብሔረሰቦች ብዙ ቦታ ሁለተኛ ልጅ ይፈቀድላቸው ነበር፤ ከተማው ላይ ግን ሕጉ ጠንክሮ ሠራ። ከጥር 2016 ጀምሮ ሁለት ልጅ፣ በ2021 ደግሞ ሦስት ልጅ ተፈቀደ።

በእነዚያ ሠላሳ አምስት ዓመታት በዝምድና ስሞች ላይ የሆነውን ለማየት ሒሳቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ነጠላ ልጅ ወንድምና እኅት የለውም፤ ግን ወላጆቹ ወንድምና እኅት ስላሏቸው ታንግም ብያውም አለው። ያ ነጠላ ልጅ ሌላ ነጠላ ልጅ አግብቶ አንድ ልጅ ሲወልድ፣ ሕፃኑ አጎት የለውም፤ አክስት የለውም። አጎትና አክስት ከሌሉ ደግሞ ልጆቻቸው የሉም። አራት አያት፣ ሁለት ወላጅ፣ አንድ ልጅ። ስምንቱ በሮች ሁሉ ተዘግተዋል።

ለዚህ ልጅ ነገሩ ተገልብጧል። አያቱ «ከዝን»ን የማይወዷት ቃሏ ስለምትጠቀልል ነበር፤ እሱ ግን ብያውገ የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው። በአዲስ ዓመት ገበታ ላይ የሚያየውን ሩቅ ዘመድ ምን ብሎ እንደሚጠራ ግራ ለሚገባው ወጣት ዛሬ ስልክ ላይ የሚጫን የዝምድና ማስሊያ አለ። የአባት፣ የእናት፣ የወንድም እያለ ይጫናል፤ ስሙን ያወጣለታል። ሁለት ሺህ ዓመት በአፍ የተላለፈ እውቀት ወደ ስልክ ገባ። አዋጅ ያወጣበትም የከለከለውም የለም። የሚጠራው ሰው ሲጠፋ ስሙ ብቻውን አይቆምም።

እንግሊዝኛ ፈደራንና ኤያምን ያጣው በወራሪ ቋንቋ ነው። ቻይንኛ ብያውገንና ታንግሜይን የማጣት አደጋ የመጣበት በባዶ አልጋ ነው። መንገዱ ይለያያል፤ የሚደርሱበት ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ለቻይናዊው ተማሪ የምመክረው ይህ ነው። «ከዝን»ን ከስምንቱ ቃላትህ ጋር አታስተካክላት፤ ስምንቱን የምትሸፍን አንድ ጣሪያ አድርገህ ያዛት። በእንግሊዝኛ ስትናገር ወገኑንና ዕድሜውን ለመተው አትፍራ፤ አድማጭህ ካልጠየቀህ አያስፈልገውም። ወደ ቋንቋህ ስትመለስ ግን ስምንቱን አትጣላቸው።

ለአማርኛ አንባቢም የምለው አለኝ። «ከዝኔ» የሚለው ቃል ዛሬ በዋሽንግተንም በአዲስ አበባም ከወጣቱ አፍ ይሰማል። ቃሉን መዋስ ነውር አይደለም፤ እንግሊዞቹም የተዋሱት ነው። ግን ልጅዎ «ከዝኔ መጣ» ሲልዎት አባቶቻችን እንግዳ ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚጠይቁትን ይጠይቁት፦ የማን ልጅ? በአባትህ ነው በእናትህ? መመለስ ካልቻለ አጠገብዎ ያስቀምጡትና ይቁጠሩለት። ይህን የሚያውቁ አያቶች በሕይወት እያሉ ዛሬውኑ ይጀምሩ።